ሲስተር የሺ ሰው አያምኑም

ሲስተር የሺ መሞታቸውን የሰማሁት ከማላውቀው ቁጥር ነው። ዊልስደን ሃይ ሮድ ላይ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ስልኬ ጮኸ። አንዲት ሴት ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «ሲስተር የሺን ታውቂያቸዋለሽ?» አለችኝ።

«ማን ልበል?» አልኳት።

«የምታውቂያቸው እንደሆነ ነው የጠየቅሁሽ።»

«ማን እንደሆንሽ ሳላውቅማ ማንን እንደማውቅ አልነግርሽም።»

ይህን ካልኩ በኋላ ራሴው ደነገጥሁ። ድምፁ የእኔ ነው፤ አነጋገሩ ግን ቁርጥ የሲስተር የሺ። ሴትዮዋም «በቃ፣ የተባልሽው አንቺ ነሽ» አለችና መርዶውን እዚያው ፌርማታው ላይ ነገረችኝ። ብሪክስተን ባለው ቤታቸው ውስጥ ልባቸው ቆሞ ተገኙ። የተፈለጉትም ሆስፒታል ሺፍታቸው ላይ ሳይገቡ ስለቀሩ ነው። በሩን ለመክፈት የመጡት ሰዎች ፍዳቸውን አዩ አሉ፤ ሦስት ቁልፍ ነበረበታ። እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣብኝና አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ።

እንደ እሳቸው ያለ ተጠራጣሪ ሰው አላየሁም። አውቶቡስ ላይ የሚቀመጡት መጨረሻው ወንበር ላይ ነው፤ ከጀርባቸው ሰው እንዳይኖር። ስልክ ሲደውሉ ስማቸውን አይናገሩም፣ «እኔ ነኝ» ይላሉ፣ ያልገባው ሰው ይዝጋው። የሐበሻ ሱቅ ገብተው ባለሱቁ «ምነው ጠፉ?» ካላቸው ሱቅ ይቀይራሉ። «ግድግዳ ጆሮ አለው ይላሉ» አሉኝ አንድ ጊዜ፣ «ጆሮ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የለንደን ሐበሻ ግድግዳ አፍም አለው።»

የተዋወቅነው ባተርሲ ውስጥ ነው። አንድ ድርጅት ለአንድ ዓመት ጋና፣ ኩማሲ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ሰብስቦ የዝግጅት ስልጠና ይሰጣል። እኔ ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት የማዘጋጅ ወጣት ነኝ፤ እሳቸው የብዙ ዓመት አዋላጅ ነርስ። ከበሩ ስገባ አይተውኝ ፊታቸው አመድ መሰለ። በሻይ ሰዓት ቀጥ ብለው መጡ።

«ማነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም፤ አፕላይ አድርጌ ነው።»

«በዘጠና ሰባት የት ነበርሽ?»

«ባሕር ዳር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል።»

ትንሽ ቀለል አላቸው። «እንግዲያው ክርስትናው ላይ አልነበርሽም» አሉ። «በይ ስሚኝ፤ ኩማሲን የመረጥኩት ሐበሻ አይኖርበትም ብዬ ነው። አንዴ ከመጣሽ ምን ይደረጋል። ከዛሬ በኋላ አልጠይቅሽም፣ አንቺም አትጠይቂኝ። የሰው ጉዳይ የጠየቀም የተናገረም እኩል ነው።»

የምን ክርስትና እንደሆነ እኔ የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው፤ እናንተ ግን አሁኑኑ ስሙት። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ አገር ቤት ሰው በገፍ በሚታሰርበት ሰሞን፣ እትዬ ንግሥት የተባሉ ወዳጃቸው ዊልስደን ቤታቸው ውስጥ የልጅ ክርስትና ደገሱ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። በጨዋታ መሐል አንዱ «ወንድምዎ እንዴት ነው?» አላቸው። ሲስተር የሺም በአስተማሪ ወንድማቸው በአስናቀ ኩራታቸው ሌላ ነውና «አስናቀማ የሰፈሩን ወጣት ማታ ማታ ቤቱ እየሰበሰበ መብታችሁን እወቁ ይላል» አሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አስናቀ ከቤቱ ተወሰደ። ከአንድ ዓመት በላይ ታሰረ። ሲፈታ እህቱ ደውለው «ደህና ነህ?» አሉት፤ «ደህና ነኝ» አለ። ከዚያ በኋላ በየበዓሉ ይደዋወላሉ፤ ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ፣ በቃ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። ሲስተር የሺን ያቃጠላቸው ነገር ወንድሜን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ ወይ የሚለው ነበር። መጠየቅ ደግሞ አይችሉም፤ ስልክ ይሰማል። ስለዚህ ክርስትናው ላይ የበላውን ሰው ሁሉ በየተራ ጠረጠሩ፣ በየተራም ሰላምታ ነሱት። እትዬ ንግሥትን ራሳቸውን ሳይቀር።

ኩማሲ የሰጡን ቤት ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበር፤ መሐሉ ላይ የውሃ ቧንቧ፣ ዙሪያውን የጎረቤት ክፍሎች። ጎህ ሲቀድ የሚቀሰቅሰን የመጥረጊያ ድምፅ ነው፤ ግቢ ሳይጠረግ እዚያ አገር ቀን አይጀመርም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፉፉ የሚሉት ምግብ የሚወቀጥበት ሙቀጫ ግድግዳውን ያነቃንቀዋል። ወደ ክሊኒኩ የምንሄደው ትሮትሮ በሚሉት ሚኒባስ ነው፤ የእኛው ታክሲ ነው፣ ረዳቱ የሚጮህበት ቋንቋ ብቻ ተለየ። ሲስተር የሺ ሳንቲም ጨምረው ከሾፌሩ ጎን ይቀመጡና መንገዱን ይከታተላሉ፤ ሾፌሩ አንድ ቀን መታጠፊያ ቢቀይር ወዲያውኑ «ወዴት ነው?» ይላሉ። በላስቲክ የሚሸጠውን ውሃ ገዝተው እያንዳንዱን ይጨምቁታል፣ ከዚያ ደግሞ ያፈሉታል። «ታሽጎ የለም እንዴ?» ስላቸው «ማን አሸገው?» ይሉኛል።

የሰፈሩ ሕፃናት «ኦብሩኒ! ኦብሩኒ!» እያሉ ይከተሉን ነበር። ነጭ፣ ፈረንጅ ማለት ነው። ሲስተር የሺ ጠይም ናቸው፣ እኔማ ከእሳቸውም እጠቁራለሁ። «ለንደን ጥቁር፣ እዚህ ነጭ» አሉ ቆም ብለው። «ይሄ ነገር ሆን ተብሎ ነው።» ማን ሆን ብሎ እንዳደረገው ግን አልነገሩኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማው በሞላ ቀይና ጥቁር ለብሶ ለቀብር ሥነ ሥርዓት ይወጣል። ሦስት ቅዳሜ አይተው አራተኛው ላይ በር ዘጉና «ይህን ያህል ሰው በየሳምንቱ የሚሞተው ምን ሆኖ ነው? የተደበቀ በሽታ አለ» አሉኝ። ፊታቸውን ስታዩ አይሳቅም። ኋላ አንዷ የክሊኒኩ ነርስ ሟቹ ዘመድ እስኪሰበሰብ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደሚቆይ፣ ልቅሶው ሁሉ ቅዳሜ ላይ እንደሚከማች አስረዳችን። ሲስተር የሺ ግን ከዚያም በኋላ ቅዳሜ እጃቸውን አብዝተው ይታጠቡ ነበር።

እንዲህ ሆነው ሥራቸው ላይ ሲሆኑ ሌላ ሰው ናቸው። ምጥ የያዛት ሴት እጃቸውን ስትይዛቸው አይጠረጥሯትም። አንዲት እናት ነክሳቸው ቀኑን ሙሉ እጃቸውን በፋሻ ጠቅልለው ሲስቁ አይቻለሁ። ምነው እኚህ ሴትዮ ከማዋለጃው ክፍል ባይወጡ እያልኩ እመኝ ነበር።

የግቢው ባለቤት አንድ ሽማግሌ ናቸው። በመጣን ሰሞን ሰላም ልንላቸው ገባን። ከቀኝ ጀምሮ የተቀመጠውን ሁሉ ጨበጥን፣ ወንበር ተሰጠን፣ ውሃ በሳህን ላይ መጣልን። ጠጥተን ስንጨርስ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እዚህ ሰላም ነው። ከመንገድ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ» አሉ፣ ዝም ብለውም ጠበቁን። ልጃቸው ነገሩን ፈታችልን፤ እንግዳ ውሃ ከጠጣ በኋላ የመጣበትን ጉዳይ ይጠየቃል፣ አማኔ ይሉታል። ጉዳይ ባይኖረውም «በደህና ነው» ብሎ ይመልሳል። ሲስተር የሺ የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። «ሰላም ልንል ነው» ብለው ተነሡ።

ቤታችን ስንገባ ፈነዱ። «ምን ልትሠሪ መጣሽ ይባላል? ይህን የሚጠይቀው ፖሊስ ነው!» የክርስትናውንና የአስናቀን ነገር የነገሩኝ ያን ቀን ነው። ነግረውኝ ሲያበቁ ደግሞ ለሳምንት ያህል በጥርጣሬ ዓይን ያዩኝ ነበር።

ያም ሆኖ ሰው ቤት በሄድን ቁጥር ውሃውንና ጥያቄውን ለመድነው። ለእኛ ሲደረግ ለመድነው ማለቴ ነው። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ እኛ እንድናደርገው ግን አልታሰበንም። እንዴትስ ይታሰበናል? እንግዳን ምን ፈልገህ መጣህ ማለት አሳዳጊ የበደለው ሰው ነገር ነው።

ከቧንቧው ማዶ እማማ አፉዋ የሚባሉ ኬንኬ የሚሸጡ ሴት ይኖራሉ፤ ኬንኬ በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ የኮመጠጠ የበቆሎ ሊጥ ነው። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ አኮስዋ። የመጀመሪያ ልጇን ሆዷ ውስጥ እንዳለ አጥታለች፣ ሁለተኛውን አርግዛ እናቷ ዘንድ ልትወልድ መጥታለች። ስምንተኛ ወሯ ነበር። ክሊኒክ የሚከታተሏት ሲስተር የሺ ናቸው፤ በሳምንቱ ቀጠሮዋ አልመጣችም ነበርና «ምን ሆና ነው?» እያሉ ለእኔ ያጉረመርሙ ነበር። ማዶ ተሻግሮ መጠየቅ ግን ወዲያ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እማማ አፉዋ የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን እንደለበሱ በራችን ላይ ቆሙ። ግቡ ብለን አስቀመጥናቸው። ውሃ ሰጠናቸው። ከለንደን ያመጣነውን ሽሮ ሠርቼ አቀረብኩ፤ ቀመሱና «ደግ ነው» አሉ። ስለ ሙቀቱ አወሩ። ስለ ሙቀቱ አወራን። ከዚያ ዝም አሉ፤ እኛም ዝም አልን። እሳቸው ደግሞ ዓይናቸውን ከግድግዳው ላይ፣ ሲስተር የሺ ምስማር ላይ ካንጠለጠሉት የደም ግፊት መለኪያ ላይ አያነሡም።

ሲስተር የሺ በአማርኛ «ምንድን ነው የፈለገችው?» አሉኝ፣ ፈገግታቸውን ሳይፈቱ።

«ይጠይቋቸዋ።»

«አበድሽ? እንግዳ ምን ፈለግህ ይባላል? የፈለገች ትናገር።» ቀጠሉና «ዕቃዬን እያየች ነው። ዓይኗን አይተሻል?» አሉ። ብድግ ብለው መለኪያውን ከምስማሩ አወረዱና ሻንጣ ውስጥ ከተቱት። እማማ አፉዋ መለኪያው ሲሰወር አዩ። ፊታቸው ሲጠወልግ አየሁ። ብዙም ሳይቆዩ አመስግነው ወጡ።

ሲስተር የሺ በሩን ቆልፈው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሽሮውን አነሣሁ፣ ሳህኑን አጠብኩ። እሳቸው አልተነቃነቁም።

«ያለ ነገር አልመጣችም» አሉ።

«ይተውት ሲስተር፣ ሰላም ልትል ነው።»

«በእሑድ? የክት ለብሳ?» «ሌባ ዕቃን እንደዚያ ፊት ለፊት አያየውም። ሌባ ዓይኑን ያሸሻል። ይቺ ሴትዮ እየለመነች ነው ያየችው።» ከዚያ ግንባራቸውን መቱ። «ውሃውን ሰጥተን ዝም! ዝም አልናት እኮ! ሳንጠይቃት እንዴት ትናገር?» ቁልፉን ከፈቱ። መለኪያውን በእጃቸው ይዘው፣ በባዶ እግራቸው ግቢውን አቋረጡ። እኔም ተከተልኩ።

እማማ አፉዋ እንዲያ ተዋርደው ወጥተው እንኳ ሥርዓታቸውን አልተዉም፤ ወንበር ሰጡን፣ ውሃ ሰጡን። ሲስተር የሺ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። «እዚህ ሰላም ነው» አሉ እማማ አፉዋ፣ ድምፃቸው ግን ሰላም አልነበረውም። «ከመንገድ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ።»

«የመጣሁት» አሉ ሲስተር የሺ፣ «ቅድም ያልጠየቅሁዎን ልጠይቅ ነው። ምን ሆነው ነው ወደ ቤቴ የመጡት?»

ሴትዮዋ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። አኮስዋ ራሷን ካመማት ቀናት ሆኗታል። እግሯ አብጧል። ከጠዋት ጀምሮ ደግሞ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል እያለች ነው። የዕረፍት ቀናችን ስለሆነ እስክንጠይቃቸው ጠበቁ፤ ሳንጠይቃቸው ስንቀር፣ መለኪያውም ሲነሣ፣ መስማት አይፈልጉም ብለው ተመለሱ። ሲስተር የሺ እስከ መጨረሻው አልሰሙም፤ ብልጭታ የሚለውን እንደሰሙ ውስጠኛው ክፍል ገብተው ነበር። ግፊቷን ለኩ፣ ከልክ ያለፈ ቢሆንባቸው እንደገና ለኩ፣ ዘወር ብለው በአማርኛ «ታክሲ!» ብለው ጮኹብኝ። በአማርኛ እየጮህኩ ወደ መንገድ ሮጥኩ።

ትልቁ ሆስፒታል ስትደርስ እያንቀጠቀጣት ነበር። ቀዶ ሕክምና ገባች። ሲመሽ ሐኪሙ ወጥቶ እናትየዋ ተርፋለች፣ ሕፃኗም ትንሽ ናት እንጂ ትተነፍሳለች አለን። እማማ አፉዋ መሬት ላይ ተንበረከኩ። ሲስተር የሺ ያደረጉትን አልረሳውም፤ አብረው ተንበረከኩና ሰው ከማያምን ሰው የማይጠበቅ ልቅሶ አለቀሱ።

በማግስቱ በትሮትሮ ስንመለስ ከሾፌሩ ጎን መቀመጥ ረሱ። ከኋላ፣ ከሰው መሐል ተጣብበን ተቀመጥን። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «ጉዳይዋን አፏ ላይ ይዛ ፊቴ ተቀመጠች» አሉ። «አስናቀም እንዲሁ ተቀምጦ ይሆን? እስክጠይቀው?»

 

ለንደን ተመልሰን ወራት አለፉ። የተለወጡ አይምሰላችሁ፤ ሦስተኛውን ቁልፍ ያስገጠሙት ከኩማሲ መልስ ነው። አንድ እሑድ ግን «እኔ ነኝ። ብሪክስተን ነይ» አሉኝ። ስሄድ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ነጠላቸውን አጣፍተው ጠበቁኝ። «ቁጭ በይ። ብቻዬን አልችለውም» አሉ። ድምፁን ለሁለታችን እንዲሰማ አድርገው ደወሉ።

«አስናቀ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው።»

«በስልክ?»

«በስልክ። ያን ጊዜ የወሰዱህ በእኔ ወሬ ነው?»

«አዎ የሺዬ» አለ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ቃል በቃል አነበቡልኝ። በማን ቤት፣ የምን ድግስ እንደሆነ። ሁሉን እናውቃለን ለማለት የዶሮ ወጡ እንቁላል አንሶ እንደነበር እንኳ ነገሩኝ።»

«አንሶ ነበር» አሉ ሲስተር የሺ፣ እንባቸው እየወረደ። «እኔም አልደረሰኝም።»

ወንድማቸው ሳቀ። ከዚያ «ሳትጠይቂኝ ብነግርሽ መክሰስ ይሆንብኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለ። «ቂም የለኝም። እዚያ ክፍል ውስጥ ሲያነቡልኝ ያንቺን አነጋገር ነበር የምሰማው። የሺ መጣች አልኩ በልቤ።»

ሲስተር የሺ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እኔ ዓይኔን ወዴት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«ማን እንደሆነ አውቃለሁ» አለ አስናቀ። «በኋላ ነው የደረስኩበት። ስሙን ልንገርሽ?»

ስምንት ዓመት ሙሉ ያን ስም ሲፈልጉ የኖሩ ሴት ናቸው። ለዚያ ስም ሲሉ ወዳጅ አጥተዋል፣ ሱቅ ቀይረዋል፣ በር ቆልፈዋል። ስልኩን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ተወው» አሉ።

«ለምን?»

«ስሙን ከነገርከኝ የቀሩትን ሁሉ ይቅርታ ልጠይቅ ነዋ! በዚህ ጉልበቴ ዊልስደንን በሙሉ ልዙር?»

ከዚያ ቀን ወዲህ እህትና ወንድም በየሳምንቱ ይደዋወሉ ነበር፤ ወሬያቸውም ረጅም ነው። ስሙ ግን ዳግም አልተነሣም።

ለንደን ውስጥ ዘመድ ስላልነበራቸው ልቅሶው የተቀመጠው እትዬ ንግሥት ቤት ነው። ያቺ መርዶ ያረዳችኝም የእሳቸው ልጅ ናት። ክርስትናው የተበላበት ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋው ሁሉ ወደ ግድግዳ ተገፍቶ፣ ሰው ጢም ብሎ ነበር። ከክርስትናው ቀን እንግዶች ያልመጣ የለም አሉ። ሲስተር የሺ ለዓመታት ሰላምታ የነሷቸው ሰዎች ደረት እየደቁ ያለቅሳሉ፤ «እንደ እሷ ያለ የዋህ የት ይገኛል» ይባባላሉ። እትዬ ንግሥት «ምን እንዳስቀየምኳት ሳትነግረኝ ሄደች» እያሉ ሲያለቅሱ አዘንኩላቸው። ደግሞም ተጠራጠርኳቸው።

መሐል ላይ ስልኬ ጮኸ። ከአዲስ አበባ ነው፣ ጋሽ አስናቀ። ቪዛ አልሰጧቸውም። ስለ ቀብሩ ጠየቁኝ፣ የማውቀውን ነገርኳቸው። «ማን ማን አለ?» አሉ። «ቤቱ ሙሉ ነው» አልኳቸው። «ያን ስም ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም» አሉ። «እኔም ነገ ሟች ነኝ። ላንቺ ልንገርሽ?»

ሳሎኑ ጸጥ ብሎ ነበር። ቀና ስል ሁሉም ወደ እኔ ያያል። አንዱ «ማን ነው?» አለ፤ «ወንድማቸው ናቸው» አልኩ። ሁሉም በአንድነት ከንፈር መጠጠ። ከመሐላቸው የአንዱ ከንፈር ከሌሎቹ ይለይ እንደሆነ ለማየት ዓይኔን አዞርኩ፤ ሁሉም አንድ ነው።

«ውጪ ወጥቼ ልደውልልዎት» አልኳቸው።

ደጅ ወጣሁ። ስልኩን እንደያዝኩ አጥሩ አጠገብ ቆምኩ። ከጀርባዬ በሩ ተከፍቶ አንድ ሰው «ብርድ ነው፣ ግቢ እንጂ፤ ምግብ ቀርቧል» አለኝ። ገባሁና ከመሐላቸው ተቀምጬ ያጎረሱኝን በላሁ። እስካሁን አልደወልኩም።